ኤሚ ኖተርና የማይላቀቁት ሞጁሎች

እኛ ሸዋ ሮቢት ሞጁልና ኤክስቴንሽን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የኮሌጅ መማሪያ ጥራዝና የማታ ትምህርት ነው። እኔም ዲፓርትመንታችን እስክገባ ድረስ ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። በአልጀብራ ግን ሁለቱም ሌላ ትርጉም አላቸው። ለዚህ ብዙ ውለታ የዋለችልን ኤሚ ኖተር ናት።

ኤሚ እ.ኤ.አ. በ1882 በጀርመን አገር ኤርላንገን ከተማ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኖተርም የሂሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1907 ዶክትሬቷን ብትይዝም ሴት በመሆኗ የሚቀጥራት አላገኘችም፤ እዚያው ኤርላንገን ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠራች። በ1915 ሂልበርትና ክላይን ወደ ጎቲንገን ጠሯት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! ከፋኩልቲው መምህራን ብዙዎቹ ሴት አትገባም ብለው ተቃወሙ። ኮርሱ በሂልበርት ስም እየተለጠፈ የምታስተምረው ግን እሷ ነበረች። በራሷ ስም እንድታስተምር የተፈቀደላት በ1919 ነው።

በ1929 ባሳተመችው ጽሑፍ የግሩፕ ሪፕሬዘንቴሽንን እንደ ሞጁል አየችው። ነገርዬው ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ጥያቄ ጥርት ብሎ እንዲታይ አደረገ። ሞጁል ከትናንሽ ሞጁሎች ሲሠራ ክፍሎቹ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው ወይስ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም? የይፋት ቆላ ቤት ግድግዳው ያለ ጣሪያ ይቆማል፤ ጣሪያው ያለ ግድግዳ አይቆምም። የማይላቀቅ ኤክስቴንሽን ማለት ይኸው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ዲተርሚናንታቸው 1 የሆነ የ2 በ2 ማትሪክሶች ግሩፕ በኤክስና ዋይ ሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያሎች ላይ ይሥራ። ካራክተሪስቲኩ 2 ከሆነ 2 ዜሮ ነውና የድምር ስኩዌር የስኩዌሮች ድምር ይሆናል። ስለዚህ ኤክስ ስኩዌርና ዋይ ስኩዌር የራሳቸውን ሰብሞጁል ይሠራሉ፤ ያ ግድግዳው ነው። ኤክስ ዋይ ግን ጣሪያ ነው፤ በኤክስ ቦታ ኤክስ ሲደመር ዋይን ብናስገባ ዋይ ስኩዌር ተከትሎት ይመጣል። በካራክተሪስቲክ ዜሮ ቢሆን ኖሮ የዚህ ግሩፕ ሞጁሎች ሁልጊዜ ይላቀቁ ነበር።

በ1933 ናዚዎች አይሁዳዊት ናት ብለው ከሥራዋ አባረሯት። አሜሪካ ሄዳ ብሪን ማር በተባለ የሴቶች ኮሌጅ አስተማረች። ሚያዝያ 1935 ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ53 ዓመቷ አረፈች።

በፖዘቲቭ ካራክተሪስቲክ የአልጀብራዊ ግሩፖችን ኤክስቴንሽን አስልቶ መጨረስ እስከ ዛሬ አልተቻለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ስሟን በር ላይ መለጠፍ የከለከሏት ሴት ናት ዛሬ ሁላችንም የምንጠይቅበትን ቋንቋ የሰጠችን።