ሕግ ያስለወጠው ባለመነጽር

በአገራችን ቁመቱ የረዘመ ሰው ብቅል አውራጅ ከመባል አያመልጥም። በዚያ ላይ መነጽር ያደረገና ሲራመድ የሚደናቀፍ ከሆነ፤ ለስፖርት ሜዳ ይታጫል ብሎ የሚያስብ አይገኝም። በአሜሪካ ግን ይህ ሁሉ ጉድለት ተሟልቶበት ሳለ የቅርጫት ኳስን ሕግ ደጋግሞ ያስለወጠ ሰው ነበር። ይኸውም ጆርጅ ማይካን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማይካን በ1924 ዓ.ም. በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፤ በጆልየት ከተማ፤ ዘሩ ከክሮኤሽያ ከሚመዘዝ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የተመኘው ካህን መሆንን ነበርና በቺካጎ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። በ1942 ወደ ዴፖል ዩኒቨርሲቲ ሲዘዋወር ግን ሬይ ማየር የተባለ ወጣት አሠልጣኝ አገኘው። በዚያ ዘመን በጣም ረጅም ሰው ዝግተኛ ስለ ሆነ ለዚህ ጨዋታ አይበጅም የሚል እምነት ነበረ። ማየር ይህን አልተቀበለም። 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ይህን ልጅ ገመድ አዘለለው፤ ቦክስ አስተማረው፤ እግሩ እንዲፍታታም አጭር ልጃገረድ መርጦ ዳንስ አስለመደው። በየቀኑም ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፤ አንድ ጊዜ በግራ እጁ በመቶ የሚቈጠር ኳስ እንዲጥል አደረገው። ይህ ልምምድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ለጀማሪዎችም ይሰጣል።

የድካሙ ፍሬ ለመታየት ጊዜ አልወሰደም። በ1945 በኒው ዮርክ በተደረገው የኮሌጆች ውድድር ዴፖል ሮድ አይላንድን 97 ለ53 ሲያሸንፍ፤ ማይካን ብቻውን 53 ነጥብ አገባ። የተጋጣሚው ቡድን በሙሉ ያገባውን ያህል ማለት ነው። ከዚህ አስቀድሞ ወደ ቅርጫቱ የሚወርደውን ኳስ ከላይ እየዘለለ ይመልስ ስለ ነበር፤ በ1944 ሕግ አውጪዎቹ ይህን አድራጎት ከለከሉ።

በ1946 የደመወዝ ተጫዋች ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመትም ወደ ሚኒያፖሊስ ሌከርስ ገባ። ከ1947 እስከ 1954 ባለው ጊዜ በመሐል ተጫዋችነቱ 7 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1949 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በር ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ማይካን ከኒክስ ቡድን ጋር እንደሚገጥም ብቻ ይናገር ነበር፤ የሌከርስን ስም አልጠቀሰም። ጓደኞቹ ይህን አይተው መለያቸውን ሳይለብሱ ተቀመጡና፤ ብቻውን ገብቶ እንዲጫወት ቀለዱበት።

ተጋጣሚዎቹ መላ ቢያጡ ኳስ ይዞ መቆምን ዘዴ አደረጉ። በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ሌከርስን 19 ለ18 ያሸነፈው በዚህ መንገድ ነበር፤ ከ18ቱም 15ቱን ያገባ ማይካን ነበር። እንዲህ ያለው አሰልቺ ጨዋታ ተመልካች ስላስመረረ፤ በ1954 አንድ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን መወርወር አለበት ተብሎ ተደነገገ። ከዚያ በፊትም በ1951፤ እርሱን ከቅርጫቱ ለማራቅ ሲባል፤ አጥቂ ከ3 ሰከንድ በላይ የማይቆምበት ክልል ስፋቱ ከ6 ወደ 12 ጫማ ከፍ ብሏል።

እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ይህ ነው፤ በየከተማው እየተዘዋወረ ሲጫወት ትምህርቱን አልተወም፤ በ1949 ከዴፖል በሕግ ተመረቀ። ጨዋታ ካቆመ በኋላ በጥብቅና ሠራ። በ1956 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1957 ሌከርስን ለማሠልጠን ተሾሞ 9 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 30 ጊዜ ተሸነፈና ሥራውን ለቀቀ። ለማይካን የጨዋታ ሜዳ እንጂ የአሠልጣኝ ወንበር አልተፈጠረለትም። በ1967 ግን የአዲሱ ኤ.ቢ.ኤ. ሊግ የመጀመሪያ ኮሚሽነር ሆኖ፤ ባለ ሦስት ቀለም ኳስና የሦስት ነጥብ መስመር በሊጉ እንዲገባ አደረገ። የሦስት ነጥቡን መስመር በኋላ ዓለም ሁሉ ተቀበለው።

መጨረሻው ግን እንደ መጀመሪያው አላማረም። የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አስቈረጠው፤ ኩላሊቱንም ጐዳው። ከ1965 በፊት ጨዋታ ላቆሙ ሰዎች የሚሰጠው ጡረታ ከኋለኞቹ እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፤ ለሕክምናው የድል መታሰቢያዎቹን እስከ መሸጥ ደረሰ። እርሱ ግን ከበሽታው ጋር እየታገለ፤ ለራሱም ለዕድሜ እኩዮቹም ጡረታው እንዲሻሻል ተሟገተ። ይህን ሳያገኝ በሰኔ 1 ቀን 2005 በ80 ዓመቱ በአሪዞና አረፈ። ለቀብሩ ወጪ እከፍላለሁ ብሎ የተነሣው ሻኪል ኦኒል ነው፤ እርሱም በዘመኑ የታወቀ ግዙፍ የመሐል ተጫዋች ነበር።

ኦኒል የከፈለው የአንድ ቀን ወጪ ነው። ጨዋታው ለማይካን የነበረበት ዕዳ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነበር፤ በሕይወት ሳለም አልተከፈለም። መንገድ ያቀናን ሰው ማመስገን ደግ ነው፤ ጉልበቱ ሲደክም እንዴት እንደሚኖር አስቀድሞ ማሰብ ግን ከምስጋናው ይቀድማል።