ላፎንቴን፦ ለንጉሥ ልጅ ተጽፎ ለገበሬ ልጅ ስንቅ የሆነው ግጥም

እ.ኤ.አ በ1668 በፓሪስ ከተማ አንድ የግጥም መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ የተበረከተው ለአንድ የ6 ዓመት ሕፃን ነበር። ሕፃኑ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የበኩር ልጅ፣ የዙፋኑም ወራሽ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት ግን ተኩላና ግልገል፣ ቁራና ቀበሮ፣ ጉንዳንና ፌንጣ፣ የእንጨት ሸክም ያጎበጠው ድኻና አራሽ ገበሬ ናቸው። አልጋ ወራሹ ከአባቱ ቀድሞ ስለሞተ ዘውድ ሳይጭን ቀረ። መጽሐፉ ግን ከ350 ዓመታት በኋላም አልሞተም፤ ልጆች ዛሬም በቃላቸው ያጠኑታል። ገጣሚው ዣን ደ ላፎንቴን ይባላል።

ላፎንቴን በ1621 የተወለደው ከፓሪስ በስተምሥራቅ፣ በማርን ወንዝ ዳር በምትገኘው ሻቶ ቲዬሪ በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። አባቱ የአካባቢው የውኃና የደን ሹም ነበሩ። ልጁ በ20 ዓመቱ ገደማ ካህን ለመሆን አስቦ ወደ አንድ የካህናት ማኅበር ገባ፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ወጣ። ከዚያም ሕግ ተማረ። በኋላ እርሱም እንደ አባቱ የውኃና የደን ሹም ሆኖ 20 ዓመታት ያህል በሥራው ላይ ቆየ። ደን እንዳይመነጠር መጠበቅ፣ በእንጨት ቆረጣና በወንዝ አጠቃቀም የሚነሡ ክርክሮችን መስማት የዚህ ሹመት ተግባር ነበር። የአገሩን አራሽ፣ እረኛና እንጨት ቆራጭ በቅርብ ያየ ሰው በመሆኑ በግጥሞቹ ውስጥ የገጠሩ ሕይወት እንግዳ ሆኖ አይታይም።

የቤቱ ኑሮ ግን የተቃና አልነበረም። በ1647 ማሪ ኤሪካር የተባለች የ14 ዓመት ልጃገረድ አገባ፤ በ1653 ሻርል የተባለ አንድ ልጅ ወለዱ። አባቱ በ1658 ሲሞቱ ከርስቱ ጋር ዕዳ አወረሱት። ላፎንቴን ገንዘብ መያዝ የማያውቅ፣ ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ የሚበተን ሰው ነበርና የወረሰውን ቀስ በቀስ ሸጦ ጨረሰ። ከሚስቱም ርቆ ኑሮውን በፓሪስ አደረገ። አንድ ቀን ከአንድ ወጣት ጋር ሲጨዋወት ቆይቶ የልጁን አስተዋይነት አደነቀ፣ ወጣቱ የገዛ ልጁ መሆኑን የነገሩት ሌሎች ናቸው እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ለዓለም ልጆች የጻፈው ሰው የራሱን ልጅ ለሌሎች ትቶ መኖሩ ግን በሕይወቱ ላይ ያረፈ ጥላ ነው።

ፓሪስ ሲገባ የተጠጋው የንጉሡ የገንዘብ ሹም የነበረውን ኒኮላ ፉኬን ነው። ፉኬ ቀለብ ይቆርጥለት ነበር፤ ላፎንቴንም በየሩብ ዓመቱ ግጥም እየጻፈ ይከፍል ነበር። በ1661 ንጉሡ ፉኬን በድንገት አሰረው። ትናንት በማዕዱ ዙሪያ ከነበሩት ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ላፎንቴን ግን አልሸሸም፤ ለወዳጁ ምሕረት የሚለምን ግጥም ጻፈ። ልመናው አልተሰማም፤ ፉኬ እስከ ዕለተ ሞቱ ከእስር አልወጣም። ሌሎች ጸሐፍት ከንጉሡ ግምጃ ቤት ቀለብ ሲቆረጥላቸው ላፎንቴን ከዚያ ቀርቷል። ኃያል ሲወድቅ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ በዓይኑ ያየው እንግዲህ ተረቶቹን ከማሳተሙ በፊት ነው።

ተረቶቹን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አልፈጠራቸውም። መነሻዎቹ የጥንቱ ግሪካዊ ኤዞፕና ሮማዊው ፌድረስ ነበሩ፤ በኋላም ቢድፓይ በሚባል ስም ከሚታወቀው የህንድ የተረት መጽሐፍ ብዙ ወስዷል፤ መውሰዱንም በግልጽ ጽፏል። በዘመኑ ተረት ተማሪዎች ላቲን የሚለማመዱበት አጭርና ደረቅ ጽሑፍ ነበር። በግጥም መጻፉ የተረትን እጥር ምጥንነት ያበላሻል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። እርሱ ግን በመግቢያው ላይ ለልጆች ምክር ከጨዋታ ጋር ቢቀርብ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ረጅምና አጭር ስንኞችን እያቀላቀለ፣ እንስሳቱን እንደ ሠፈር ሰው እያነጋገረ ጻፈ። ስለዚህ ግጥሙ በጆሮ ሲሰማ ጭውውት ይመስላል፤ ለማጥናትም አያስቸግርም።

ከተረቶቹ አንዱ ሞት የቀረበውን ገበሬ ይመለከታል። አባት ልጆቹን ጠርቶ በርስቱ ውስጥ የተቀበረ ሀብት አለና መሬቱን እንዳትሸጡ ይላቸዋል። ሲሞት ልጆቹ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ቆፈሩት፤ ወርቅ አላገኙም። የተገለበጠው መሬት ግን በዓመቱ ከወትሮው የበለጠ ምርት ሰጠ። በሌላው ተረት አንዲት ሴት የወተት ማሰሮ በራሷ ተሸክማ ወደ ገበያ ትሄዳለች። በወተቱ ዋጋ እንቁላል፣ ከእንቁላሉ ጫጩት፣ ከዚያም አሳማ፣ በመጨረሻም ላምና ጥጃ በሐሳቧ ገዝታ በደስታ ስትዘል ማሰሮው ይወድቃል። እነዚህን ተረቶች ለመረዳት ፈረንሳዊ መሆን አያስፈልግም፤ ማሳና ገበያ ማወቅ ይበቃል።

ሁሉም ተረቶች ግን እንዲህ የሚያጽናኑ አይደሉም። ግልገሉ ከተኩላው በታች ሆኖ ከወንዙ እየጠጣ ውኃውን አደፈረስህ ተብሎ ይከሰሳል፤ በቂ መልስ ቢሰጥም ከመበላት አይድንም። በ1678 በወጣው በሁለተኛው ስብስብ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እንስሳትን ወረርሽኝ ይፈጃቸዋል። አንበሳው ሸንጎ ጠርቶ ከሁሉ የበደለው ለሌሎቹ ይሙት ይላል። አንበሳው ራሱ በጎችን፣ አንዳንዴም እረኛውን መብላቱን ሲናዘዝ ቀበሮዋ ጌታዬ ይህ በደል አይደለም ብላ ታቀልለታለች። አህያው ከመነኮሳት መስክ ጥቂት ሣር መጋጡን ሲናገር ግን ሸንጎው በአንድ ድምፅ ይፈርድበታል። ላፎንቴን በዚህ ዓለም ያለውን የፍርድ መጓደል ከልጅ አልደበቀም። ንጉሥ በፍጹም ሥልጣን በሚገዛበት አገር ይህን በግልጽ መናገር አደጋ ነበረው፤ ሰሙ እንስሳ፣ ወርቁ ሰው የሆነ ግጥም ግን ቤተ መንግሥት ድረስ ይዘልቃል።

ከ1670ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ 20 ዓመታት ያህል ማዳም ደ ላ ሳብሊዬር የተባለች የተማረች ሴት በቤቷ አስጠጋችው። ቀደም ሲል ፈላስፋው ዴካርት እንስሳትን እንደ ሰዓት በመዘውር የሚንቀሳቀሱ አድርጎ ገልጿቸው ነበር። ላፎንቴን ለዚህች ሴት በጻፈው ረጅም ግጥም ይህን አልቀበልም አለ፤ እንስሳም በራሱ ልክ ማሰብ እንዳለው ተከራከረ። ከበሬና ከውሻ ጋር የኖረ ሰው ፍርዱን ለመስጠት አይቸገርም።

በ1683 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል እንዲሆን ተመረጠ። ንጉሡ ግን ምርጫውን ሳያጸድቅ ወራት አሳለፈ፤ የተፈቀደለት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ካስነቀፉት ነገሮች አንዱ ለአዋቂዎች የጻፋቸው ልቅ የፍቅር ወጎች ነበሩ። በእርጅናው በጠና ሲታመም በ1693 ከአካዳሚው በተላኩ ሰዎች ፊት እነዚያን ወጎች መጻፉ እንደጸጸተው ተናገረ።

የመጨረሻውን የተረት መጽሐፉን ያበረከተውም ለሕፃን ነበር። የቡርጎኝ መስፍን ይባል የነበረው ይህ ልጅ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ የተበረከተለት አልጋ ወራሽ ልጅ ነው። ላፎንቴን ለአባት በልጅነቱ፣ ለልጅም በልጅነቱ ጽፎ በኤፕሪል 13 ቀን 1695 በ73 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። በ12 መጻሕፍት ወደ 240 የሚጠጉ ተረቶች ትቶ አለፈ።

ከሞተ በኋላ ክርክር ተነሣ። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ባሳተመው ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚናገር መጽሐፉ የላፎንቴን ተረቶች ለሕፃናት አይሆኑም አለ። ልጅ የቁራውንና የቀበሮዋን ተረት ሲሰማ አይቡን ያጣውን ቁራ ሳይሆን አታልላ የወሰደችውን ቀበሮ መሆን ይመርጣል፤ ከጉንዳኗም ለተራበ መንፈግን ይማራል የሚል ነበር መከራከሪያው። ነገሩ ቀላል አይደለም። ተረቶቹ ብዙ ጊዜ ዓለም እንዴት መሆን እንዳለባት ሳይሆን እንዴት እንደሆነች ይናገራሉና፣ ያለ አስረጂ የተተወ ልጅ ሊሳሳት ይችላል። ሆኖም ሽንገላን በተረት ያላወቀ ልጅ በገበያ ያውቃታል፤ ያኔ የሚያጣው ከአይብ ይበልጣል። ከሩሶ ክርክር የሚተርፈው ቁም ነገር ተረት ይቅር የሚል ሳይሆን፣ ታላቅ ሰው አብሮ ተቀምጦ ያስረዳ የሚል ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶችም ተረቶቹን አልተዉም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ትምህርት ለሁሉም ሲዳረስ የገጠሩም ልጅ ያጠናቸው ጀመር።

ይህ የግጥም ተረት መንገድ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። ፈረንሳይኛን ጠንቅቀው ያውቁ የነበሩት የመንዙ ተወላጅ ከበደ ሚካኤል፣ ታሪክና ምሳሌ በተባሉት መጻሕፍታቸው አጫጭር ታሪኮችንና ምሳሌዎችን በቀላል የአማርኛ ግጥም ለተማሪዎች አቅርበዋል። ብዙዎች በልጅነታቸው ያጠኑትን ግጥም ሸምግለውም አልረሱትም። መጽሐፍ ባልደረሰበት ቤትም ማታ በእሳት ዳር ጦጣና ጅብ የሚናገሩበት ተረት ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ላፎንቴን የተወለደበትን ቤት በ1676 ሸጦታል፤ ለልጁም ይህ ነው የሚባል ርስት አላቆየም። ቤቱ በኋላ በስሙ ሙዚየም ሆነ። ስለ ገበሬውና ስለ ልጆቹ የጻፈው ተረትም መሬት በሚታረስበት አገር ሁሉ ይነገራል። ዛሬ ማታ ይህን ተረት ለልጁ የሚነግር አባት ወይም እናት የማሳቸውን ስም ጨምረው ቢነግሩት አይጎድልበትም።