ባሕር ወሰደው የተባለው የሐርጌሳ መርከበኛ

ሎራ ማታን ለሦስት ወንዶች ልጆቿ አባታቸው ባሕር ላይ እንደሞተ ነገረቻቸው። ለመርከበኛ የሚታመን ሞት ነው። ማሕሙድ ሁሴን ማታን ግን ባልፈጸመው ግድያ ተፈርዶበት፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 3 ቀን 1952 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቅሏል። ዕድሜው 28 ነበር።

ማሕሙድ በ1923 በብሪታኒያ ሥር በነበረችው ሶማሊላንድ፣ በሐርጌሳ ተወለደ። በዚያ ዘመን ኑሮውን ለመለወጥ ለሚሻ የአገሩ ወጣት አንዱ መውጫ ወደብ ነበር። በኤደን በኩል የወጡ ሶማሌዎች በእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች ውስጥ የድንጋይ ከሰል እየማገዱ ዓለምን ዞረዋል፤ ብዙዎቹም በዌልሷ ወደብ ካርዲፍ፣ ታይገር ቤይ በሚባለው ሰፈር ጎጆ ቀልሰዋል። እሱም ፈለጋቸውን ተከተለ።

እዚያ የሮንዳ ሸለቆ ተወላጅ ከሆነችው ሎራ ዊሊያምስ ጋር ተዋወቀ። በ1947 ተጋቡ። ጥቁርና ነጭ በአንድነት መንገድ ሲሄዱ ስድብ ይከተላቸው በነበረበት ከተማ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች ወለዱ። በኋላ በአንድ ጎዳና ላይ በተለያዩ ቤቶች መኖር ጀመሩ፤ እሱም የመርከብ ሥራውን ተወ።

ማርች 6 ቀን 1952 ምሽት ሊሊ ቮልፐርት የተባለች አይሁዳዊት ባለሱቅ በወደቡ ሰፈር ጉሮሮዋን ታርዳ ተገኘች፤ 100 ፓውንድ ያህልም ተሰርቋል። ፖሊስ ማሕሙድን ያዘ። ደም የነካው ልብስም ሆነ የተሰረቀው ገንዘብ እሱ ዘንድ አልተገኘም። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሟች ቤተሰብ ካዘጋጀው የወሮታ ገንዘብ ተካፋይ ነበር። በሱቁ አቅራቢያ አንድ ጥቁር ሰው ያየች የ12 ዓመት ልጅ ማሕሙድን ስታይ ያየችው ሰው እሱ አለመሆኑን ተናገረች፤ ቃሏ ግን ለፍርድ ቤት አልቀረበም። እንግሊዝኛው ውሱን ለሆነው ተከሳሽ አስተርጓሚ አልቆመለትም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የገዛ ጠበቃው ለጁሪው ሲናገር ደንበኛውን እንደ ሕፃንም እንደ አረመኔም አድርጎ መሣሉ ነው። ተከላካዩ እንዲህ ካየው ከሌላው ምን ይጠበቅ ነበር?

ከግድያው እስከ ስቅላቱ ስድስት ወር አልሞላም። ሎራ ባሏን ልትጠይቅ ስትሄድ መሞቱን ያወቀችው በእስር ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነበር።

ማሕሙድ ሰልፍ የመራ፣ ፓርቲ ያቋቋመ ሰው አልነበረም። የዘር አድልዎን ታሪክ ለልጆች የሚያስተምር ሰው ብዙውን ጊዜ ስመ ጥር መሪዎችን ይመርጣል፤ ከመሪ ይልቅ ሥራ የፈታ መርከበኛን ለልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ለራሱ ልጆች እንኳ ከብዶ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ዑመር ስምንት ዓመት ሲሆነው በሰፈሩ ከሚዘምሩ መንፈሳውያን ጋር ሊዘምር ተጠጋ። የተሰቀለ ሰው ልጅ እንደማይፈልጉ ነገሩት። የአባቱን አሟሟት የሰማው እንዲህ ነበር።

ሎራ መሟገቷን አላቆመችም። ያ ዋና ምስክር በ1969 የገዛ ልጁን ጉሮሮ በምላጭ ቆርጦ በመግደል ሙከራ ተፈረደበት፤ እንዲያም ሆኖ የማሕሙድ ጉዳይ እንደገና ይታይ የሚለው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። በ1996 አፅሙ ከእስር ቤቱ ግቢ ወጥቶ በከተማው መቃብር እንዲያርፍ ተፈቀደ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ 46 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። የሊሊ ቮልፐርት ቤተሰብም ገዳይዋ ሳይለይ ቀረ።

ሎራ በ2008 አረፈች። በ1981 በሐርጌሳ የተወለደችውና አባቷ ማሕሙድን ያውቀው የነበረው ደራሲ ናዲፋ መሐመድ በ2021 ታሪኩን በልቦለድ አወጣችው፤ መጽሐፉም ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ ስቅላቱ 70 ዓመት ሲሞላው፣ የደቡብ ዌልስ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን የሰሙት የልጅ ልጆቹ ናቸው፤ ሦስቱም ልጆቹ አልነበሩም።