ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር፦ ተቀራራቢ ቃላትን የለየ መምህር

በአጻጻፍ ወይም በድምፅ የሚቀራረቡ የእንግሊዝኛ ቃላት ተማሪንም ጸሐፊንም ያደናግራሉ። እነዚህን ቃላት እየለዩ የሚያስረዱ የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት ዛሬ ላላቸው መልክ ከማንም ይልቅ የሚጠቀሰው ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ከሥራው ጋር አያይዞ ይዳስሳል።

ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ግዛት፣ በቶንብሪጅ ከተማ ተወለደ። በራግቢ ትምህርት ቤትና በኦክስፎርድ ባሊዮል ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በሴድበርግ ትምህርት ቤት 17 ዓመት ያህል አስተማረ። የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት ቢቀርብለትም፣ ልጆችን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እምነታቸውን እንዲያጸኑ ማዘጋጀት ከኅሊናው ጋር ስላልተስማማ አልተቀበለም፤ በ1899ም ሥራውን ለቀቀ።

በለንደን ጥቂት ዓመታት በጽሑፍ ሥራ ከቆየ በኋላ በ1903 ወደ ገርንዚ ደሴት ተሻግሮ ከታናሽ ወንድሙ ከፍራንሲስ ጋር መሥራት ጀመረ። ሁለቱ በ1906 «የንጉሡ እንግሊዝኛ» የተሰኘውን መጽሐፍ፣ በ1911 ደግሞ አጭሩን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፋውለር 57 ዓመት ሆኖት ሳለ ዕድሜውን 44 ብሎ በማስመዝገብ ከወንድሙ ጋር ዘመተ። ፍራንሲስ ግን በአገልግሎት ላይ በያዘው የሳንባ ነቀርሳ በ1918 ሞተ። በጋራ ያቀዱትን የዘመናዊ እንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ሄንሪ ብቻውን ጽፎ በ1926 አሳተመ፤ መታሰቢያነቱንም ለወንድሙ አደረገ።

የመጽሐፉ መርሕ በአንድ ምሳሌ ይገለጣል። «ማስተርፉል» እና «ማስተርሊ» ቀድሞ እየተተካኩ ይነገሩ ነበር። ፋውለር የፊተኛውን በሌሎች ላይ መሠልጠን ለሚወድ ጠባይ፣ የኋለኛውን በጥበብ ለተዋጣ ሥራ ለየ። ሁለት ቃላት አንድ ትርጉም ከሚሻሙ ይልቅ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ ቢኖረው ቋንቋው ይበለጽጋል ብሎ ያምን ነበርና። ሆኖም ደንብ ለደንብነቱ ብቻ አላከበረም፤ ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ስሕተት ነው የሚለውን ልማድ መሠረት የለሽ ብሎ ተችቷል። ስሙን በሚወስን ሐረግ ላይ «ዛት»ን፣ ተጨማሪ መግለጫ በሚሰጥ ሐረግ ላይ «ዊች»ን እንዲያውሉ ጸሐፊዎችን ሲመክርም፣ ምርጥ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ልዩነቱን እንደማይጠብቁ አልሸሸገም።

ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በሰዋስው ጉዳዮች ተከራክሮታል። ጊዜም በፋውለር ላይ በከፊል ፈርዷል፤ የዛሬ መዝገበ ቃላት «ማስተርፉል»ን በሁለቱም ትርጉም ይመዘግባሉና። ይሁን እንጂ በ1933 ሲሞት ትቶት ያለፈው የቃላት ዝርዝር ብቻ አልነበረም። የልዩነቱን ምክንያት መጠየቅ ልዩነቱን በቃል ከመያዝ እንደሚቀድም አሳይቷል። የከፍተኛ ትምህርት ጥናቱን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ተማሪም ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ልምድ ነው።