ገርማሜ ንዋይ፦ ለጭሰኛ መሬት ያከፋፈለው ገዥ

ጋፋት ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ሴባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ግን ከመድፉ ሌላ የነካኩት ከባድ ነገር ነበር፤ መሬት። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ግብር ይከፈልበት ብለው ተነሱ። ከካህናቱ ጋር ክፉኛ ያጣላቸው አንዱ ይሄ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ እሳት በሌላ የአገሪቱ ጫፍ የነካ ሰው ነበር፤ ገርማሜ ንዋይ ይባላል።

ገርማሜ የድሃ ልጅ አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ተወለደ፣ ወገኑ ስመ ጥሩው የሞጃ ቤተሰብ ነው። ተፈሪ መኮንንና ኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተምሮ አሜሪካ ሄደ፣ መጀመሪያ ዊስኮንሲን፣ ቀጥሎ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። ለማስተርሱ የጻፈው ነጮች በኬንያ መሬት ወስደው ስለሰፈሩበት ፖሊሲ ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ሲመለስ አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባ፣ ከዚያ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። እኛ ጋ ጎንደር ውስጥ ገበሬው ቢያንስ በአባቱ ርስት አለኝ ይላል። ደቡቡ ሌላ ነበር፤ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ ብዙው መሬት ለመኳንንቱና ለወታደሩ ተሰጥቶ፣ ነባሩ ገበሬ በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆኗል። ኬንያን በወረቀት ያጠናው ልጅ እዚህ በዓይኑ አየው።

ታዲያ ምን አደረገ? የመንግሥትን ጠፍ መሬት መሬት ለሌላቸው ማከፋፈል ጀመረ። ባለመሬቶቹ ዝም አላሉም፣ ክሱ ጃንሆይ ጋ ደረሰ። ገርማሜ ተጠራ፣ ተጠየቀ፣ ከወላይታ ተነስቶ ጅጅጋ ተላከ። እዚያም ለአርብቶ አደሩ ውኃና ክሊኒክ ያስፈልጋል ብሎ ቢወተውት በጀት የሚሰጠው አላገኘም። በሕጋዊው መንገድ የሞከረው ይሄን ያህል ነው፤ ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ጠመንጃ አዞረ።

ጠመንጃው ደግሞ ቤቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነው። ጃንሆይ ብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት ባለሥልጣናቱን በዘዴ ጠርተው ያዟቸው። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ አዲስ መንግሥት መቆሙን አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጦር ሠራዊቱ፣ አየር ኃይሉና ቤተ ክርስቲያን ግን ከጃንሆይ ጋር ቆሙ፣ አዲስ አበባ የጦር ሜዳ ሆነች።

ብዙ ሰው ገርማሜን የመጀመሪያው ሶሻሊስት ይለዋል። እኔ እንጃ፤ ፓርቲ አልነበረውም፣ በሬዲዮ የተነበበውም አዋጅ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፋብሪካና ከአፍሪካ ወደ ኋላ ስለ መቅረታችን እንጂ ስለ ሶሻሊዝም አልነበረም። ወላይታ ላይ የሠራው ግን ስም አያስፈልገውም።

አሁን የሚከብደው ክፍል። መሸነፋቸው ሲታወቅ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታገቱት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ወደ 15 የሚሆኑ ሞቱ። ጣሊያንን በአርበኝነት የታገሉት ራስ አበበ አረጋይ፣ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። መሣሪያ ያልያዘን እስረኛ በሳሎን መግደል በመሬት ጥያቄ አይታጠብም፤ ገርማሜን ጀግና ብላችሁ ፖስት የምታደርጉ ልጆች ይህንንም አብራችሁ ጻፉ።

ወንድማማቾቹ ከከተማው ሸሹ። ታኅሣሥ 15 ተከበቡና ገርማሜ እዚያው ሞተ፤ ገና 36 ዓመቱ ገደማ ነበር። ሬሳው አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። መንግሥቱ ቆስሎ ተያዘ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጋቢት ላይ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀለ።

ገነተ ልዑልን ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ነው። በ1957 መሬት ላራሹ ብለው የወጡት ተማሪዎች ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ያወጀው ደርግ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት እሱም በአንድ ሌሊት ወደ 60 እስረኞች ገድሎ ነበር።