ጄምስ ናስሚዝ፤ መሣሪያውን በገዛ እጁ የሠራ

ሰነፍ ሰው ለሥራ መሣሪያ ቸገረኝ ይላል፤ መሣሪያ እንዳይገዛ ገንዘብ ቸገረኝ ይላል፤ ገንዘብ እንዳያገኝም ሥራ ቸገረኝ ይላል። እንዲህ ሲል ዘመኑ ያልፋል። ጄምስ ናስሚዝ ግን መሣሪያ በቸገረው ጊዜ መሣሪያውን ራሱ ሠራ።

ናስሚዝ በስኮትላንድ አገር በኤድንበርግ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ አሌክሳንደር ናስሚዝ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበረ፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሠራበት ክፍል ስለ ነበረው፥ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞረድና መዶሻ መያዝ ለመደ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹም የአንዱ አባት የብረት ማቅለጫ ነበረው፤ ናስሚዝ የቅዳሜን ዕረፍት በዚያ እየዋለ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥና በአሸዋ ቅርጽ እንዴት እንደሚፈስስ ተማረ።

በወጣትነቱም በመኝታ ቤቱ ምድጃ ናስ እያቀለጠ ያፈስ ነበር። አባቱ ከታች ባለው ክፍል ይተኛ ስለ ነበረ፥ አሸዋውን ሲጠቀጥቅ ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው ከሥር ምንጣፍ ያነጥፍ ነበር። እንዲህ አድርጎ የእንፋሎት መኪናን ውስጣዊ አሠራር ለተማሪዎች የሚያሳይ ትንሽ ምሳሌ ሠራና እያንዳንዱን በ10 ፓውንድ ሸጠ። በገንዘቡም በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ትምህርት ለመስማት ከፈለ።

በዚያን ዘመን በሎንዶን ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባል ታላቅ የመኪና ሠሪ ነበረ። ይህ ሰው በተለይ የታወቀው በቶርኖ ነው። ቶርኖ ማለት ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጽ መኪና ነው። ቀድሞ ሠራተኛው ስለቱን በእጁ ይዞ ይቀርጽ ስለ ነበረ፥ እጁ በተንቀጠቀጠ ጊዜ ሥራው ይበላሽ ነበር። ሞድስሌይ ግን ስለቱ በብረት መያዣ ታስሮ፥ በብሎን እየተነዳ፥ በቀጥታ የሚሄድበትን ቶርኖ አሟልቶ ሠራ።

ናስሚዝ በ1829 ዓ.ም. ከአባቱ ጋር ወደ ሞድስሌይ ዘንድ ሄደ። ሞድስሌይ ግን ገንዘብ ከፍለው ሙያ ሊማሩ የሚመጡ የጌታ ልጆች ሥራውን እየናቁ ስላስቸገሩት፥ ከእንግዲህ ወዲህ ተማሪ አልቀበልም ብሎ ቈርጦ ነበር። ወጣቱ እጅግ አዘነ። ነገር ግን ሥራ ቤቱን ሲጐበኙ አንድ ሰው ከእሳቱ ሥር አመድ ሲጠርግ አየና፥ ያን አመድ የመጥረግ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ደስ እንደሚለው ለሞድስሌይ ነገረው። ሞድስሌይም ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ ተለወጠ፤ የሠራውንም የእንፋሎት መኪና አምጥቶ እንዲያሳየው አዘዘው። ባየውም ጊዜ ለገዛ ራሱ ሥራ ክፍል ረዳት አደረገው። ገንዘብ ያልከፈተው በር በትሕትና ተከፈተ።

ደመወዙ በሳምንት 10 ሺሊንግ ነበረ። ናስሚዝ ለአባቱ ሸክም መሆን ስላልፈለገ፥ በዚህች ገንዘብ ብቻ ለመኖር ወሰነ። በመብራት ነበልባል የሚሠራ ትንሽ ማብሰያ ከቆርቆሮ ሠርቶ፥ ሥጋውን ጠዋት ጥዶ ይሄድና እርሱ በሥራ ሲውል ወጡ ቀስ እያለ ይበስልለት ነበር።

በ1831 ዓ.ም. ሞድስሌይ ሞተ። ናስሚዝም ጥቂት ወራት ከቈየ በኋላ የራሱን ሥራ ሊጀምር አሰበ፤ ነገር ግን የተሠራ ቶርኖ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ የሞድስሌይን ማኅበርተኛ ጆሹዋ ፊልድን ለምኖ፥ በሥራ ቤቱ ካሉት ቶርኖዎች የደኅናውን ዓይነት ክፍሎች በቅልጥ ብረት አስፈሰሰና ወደ ኤድንበርግ ወሰደ። እንዲህ ያለ ብረት ከአሸዋው ቅርጽ ሲወጣ የመኪናውን መልክ ይይዛል፤ ነገር ግን ፊቱ ሻካራ፥ ጠርዙ ያልተስተካከለ፥ ቀዳዳው ያልተበሳ ስለ ሆነ ገና መኪና አይባልም። ዋጋው የሚረክሰውም ድካሙ ሁሉ ገና ስለሚቀር ነው።

ናስሚዝ በአባቱ ቤት አጠገብ 24 ጫማ በ16 ጫማ በሆነች ትንሽ ሥራ ቤት ገብቶ ያን ሻካራ ብረት እየቀረጸ፥ እየሞረደና እየገጠመ ቶርኖውን ጨረሰ። ቶርኖው ካለቀ በኋላ በእርሱ የብረት መላጊያ መኪና ሠራ፤ ይህም 36 ኢንች ርዝመትና 20 ኢንች ወርድ ያለውን ብረት አስተካክሎ ይልጋል። በሁለቱም መሰርሰሪያና ሌሎች መኪናዎችን ሠራ። እነዚህን ሁሉ የሚያሽከረክር የእንፋሎት ኃይል ስላልነበረው፥ አንድ ረዳት በክንዱ ትልቁን መንኰራኵር ያዞርለት ነበር። አንዲት መኪና ሌላዋን ወለደች፤ እናታቸው ግን ያቺ ሻካራ ሆና የመጣች ቶርኖ ነበረች።

በ1834 ዓ.ም. መሣሪያዎቹን ይዞ ወደ ማንቸስተር ሄደ፤ ለመነሻ በእጁ የነበረው 63 ፓውንድ ብቻ ነው። በአንድ አሮጌ ፋብሪካ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ሲሠራ ሥራው በዛ፤ አንድ ቀንም የከባድ መኪና ብረት ወለሉን ሰብሮ ከታች ባለው በመስተዋት ቈራጩ ክፍል ገባ። ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በፓትሪክሮፍት መሬት ይዞ ታላቅ የብረት ፋብሪካ አቆመ።

በ1839 ዓ.ም. ለአንድ ታላቅ መርከብ የሚሆን ወፍራም የብረት ዘንግ የሚቀጠቅጥ መዶሻ ታጣ። ናስሚዝም በእንፋሎት ኃይል የሚነሣና የሚወድቅ መዶሻ በደብተሩ ነደፈ። የመርከቡ አሳብ ተለውጦ ዘንጉ ስለ ቀረ፥ መዶሻውን የሚያሠራ አልተገኘም። በ1842 ዓ.ም. ግን በፈረንሳይ አገር በክሩዞ ፋብሪካ ሲጐበኝ፥ ደብተሩን አይተው የነበሩ ሰዎች ያንኑ መዶሻ ሠርተው ሲሠሩበት አገኘ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የባለ ቤትነት ፈቃድ አወጣበት። ይህ መዶሻ የጋለ ታላቅ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ደግሞም ኃይሉ ሲገታ በብርጭቆ ውስጥ ያለውን የዕንቁላል ቅርፊት ብርጭቆውን ሳይሰብር ይሰነጥቃል።

ከዚህ ሁሉ ግን ልቡን የሚያሳየው ሌላ ሥራ ነው። የቀለጠ ብረት የሚቀዳበት ታላቅ ጭልፋ በድንገት እየተገለበጠ ብዙ ሠራተኞችን ያቃጥል ነበር። ናስሚዝ በ1838 ዓ.ም. አንድ ሰው በጥርስ መዘውር ቀስ አድርጎ የሚያዘነብለው ጭልፋ ሠራ፤ የሰው ሕይወት የሚያድን ስለ ሆነም ለትርፉ ሳይከለክለው አሠራሩን ለሁሉ ገለጠ።

በ1856 ዓ.ም. መጨረሻ በ48 ዓመቱ ሥራውን ትቶ፥ በራሱ በሠራው መነጽር ጨረቃን ይመረምር ጀመር፤ በ1874 ዓ.ም. ከጄምስ ካርፔንተር ጋር ስለ ጨረቃ መጽሐፍ አወጣ። በ1890 ዓ.ም. በሎንዶን ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን ቀጥቃጭን በሥራው መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነበረ፤ ዐፄ ምኒልክም ይህን በአዋጅ ከልክለዋል። መጽሐፍ ቅዱስም እግዚአብሔር ባስልኤልን ወርቅና ናስ እንዲሠራ በጥበብ መንፈስ እንደ ሞላው ይነግረናል። እንግዲህ ሥራን የሚንቅ የማንን ስጦታ እንደሚንቅ ያስተውል። እናንተም ሻካራ ነገር በእጃችሁ ቢገባ፥ ያልተጨረሰ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ መጨረሱ የእናንተ ድርሻ ነው።