የቄስ ፓውል ጌርሃርት ሕይወትና የልቡ ዕረፍት

የልብ ሰላምን የማይሻ ሰው የለም። ነገር ግን አብዛኞቻችን ሰላምን የምንፈልገው የወደድነውን ሁሉ በእጃችን ጨብጠን ነው፤ የጨበጥነውም እንዳይወሰድብን ስለምንፈራ ዕረፍት እናጣለን። መዝሙሮቹ በሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ የሚዘመሩለት ቄስ ፓውል ጌርሃርት ግን ሰላምን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓውል ጌርሃርት በ1607 ዓ.ም. በጀርመን አገር ግሬፈንሃይኒኸን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ አባትና እናቱ ሞቱበት። በ1628 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ያስተምርበት ወደ ነበረው ወደ ቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእግዚአብሔርን ቃል ተማረ። በዚያም ዘመን ከ1618 እስከ 1648 ዓ.ም. የቆየው የሠላሳው ዓመት ጦርነት አገሪቱን ያወድም ነበር፤ ራብና ቸነፈርም ጦሩን ይከተሉት ነበር። በ1637 ዓ.ም. የትውልድ ከተማው በወታደሮች እጅ ተቃጠለች። እርሱም ዕድሜው 44 ዓመት እስኪሆን ድረስ የክህነት ሥራ ሳያገኝ፣ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረ ቆየ።

በ1651 ዓ.ም. በሚተንቫልደ ከተማ ለአገልግሎት ተሾመ፤ በ1655 ዓ.ም. አና ማሪያ ቤርቶልድን አገባ። እግዚአብሔርም አምስት ልጆች ሰጣቸው፤ ነገር ግን አራቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩአቸው። በ1657 ዓ.ም. በርሊን በሚገኘው በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተጠራ፤ በዚያም ሕዝቡ እጅግ ወደደው።

ታላቁ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የብራንደንቡርግ ገዥ የነበረው መስፍን ፍሪድሪክ ቪልሄልም፣ የሉተርንና የካልቪንን ትምህርት በሚከተሉ መካከል የነበረውን ክርክር ለማብረድ ሲል፣ ቄሶች በስብከታቸው ሌላውን ወገን እንዳይነቅፉ በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ አዘዘ። ጌርሃርት በጠባዩ ጠበኛ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም መፈረሙን የቤተ ክርስቲያኑን የእምነት መግለጫ እንደ መተው ቈጠረውና እንቢ አለ። በ1666 ዓ.ም. ከሥራው ተሻረ። የከተማው ሰዎች ስለ እርሱ አጥብቀው ስለ ለመኑ፣ መስፍኑ በ1667 ዓ.ም. ሳይፈርም እንዲመለስ ፈቀደለት፤ ነገር ግን ባይፈርምም በትእዛዙ መንፈስ እንዲሄድ ይጠብቅበት ነበር። ደመወዙ፣ ቤቱና የሕዝቡ ፍቅር በእጁ ነበሩ፤ የሚጠየቀውም ዝምታ ብቻ ነበር። እርሱ ግን ኅሊናውን አስሮ ከመመለስ ይልቅ ሹመቱን ለቀቀ። በሚከተለው ዓመት ሚስቱ ሞተች፤ ከአንድ ልጁ ጋር ብቻውን ቀረ።

መንገድን ሁሉ ለእግዚአብሔር አደራ ስለ መስጠት የሚናገረውን ታዋቂ መዝሙሩን ከሥራው ተባሮ በስደት መንገድ ላይ ሳለ እንደ ደረሰው ብዙዎች ይተርካሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መዝሙሩ የታተመው በ1653 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከመሻሩ 13 ዓመት በፊት ነው። የአንቀጾቹ መጀመሪያ ቃላት ሲገጣጠሙ በመዝሙረ ዳዊት ምዕራፍ 37 ቍጥር 5 ያለውን ቃል ያስገኛሉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጌርሃርት ራሱን ለእግዚአብሔር መስጠትን የተማረው የፈተናው ቀን ሲደርስ አይደለም፤ አስቀድሞ ዘምሮት ነበር። ቀኑም በመጣ ጊዜ የዘመረውን ኖረበት።

በ1669 ዓ.ም. ሉበን በምትባል ትንሽ ከተማ አገልግሎት ጀመረ፤ በዚያም በ1676 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በጌታ አንቀላፋ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ጌርሃርት ልጆቹንና ሚስቱን መውደድን አልተወም፤ ኀዘኑንም አልደበቀም። የተወው ሕይወቱን እንደ ራሱ ፈቃድ ለመግዛት የሚመኘውን ልብ ነው። ይህንም ያደረገው በራሱ ብርታት ጽድቅን ለማግኘት አይደለም፤ ክርስቶስ አስቀድሞ የእርሱ ስለ ሆነ ሌላውን ለመልቀቅ እጁ አልተንቀጠቀጠም። እኛስ ስለ መሬት ወሰን፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ስማችን ክብር ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተናል? የመከራ ቀን ሳይደርስ፣ ዛሬ በጥቂቱ ነገር ፈቃዳችንን ለጌታ መስጠትን እንማር። የተጨበጠው እጃችን ሲከፈት ሰላሙን ይሞላበታል። አሜን።